አሥራ አንዱ እጀታ

ፔዳል ቁጭ ብላ አታውቅም። መቀመጡንስ ትቀመጣለች፤ የማይቀመጠው እግሯ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት መጋረጃ ስትሰፋ የስፌት መኪና የረገጠው ቀኝ እግሯ፣ መኪናው በሌለበትም ሥራውን አልተው ብሎ ቀረ። ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቅ ይረግጣል፤ ሰው ሊያጫውታት አጠገቧ ሲቀመጥ ይረግጣል። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ላይ ከጎኗ የተቀመጡ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ ሟች እንኳ እንዲህ አልቸኮሉም» ብለዋታል።

ቅጽል ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው። ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ፔዳል ሁለት መንገድ ተሻግራ ስለምትኖር ከሥራ ስትወጣ ብቅ ትላለች። ብቅ ስትል ግን እንደ ንፋስ ነው። ዕቃ ታጥባለች፣ ልብስ ታሰጣለች፣ «አባባ ደህና ዋሉ?» ብላ መልሱ ሳይደርስ በሩ ላይ ትሆናለች። አባቷን በየቀኑ ታያለች፤ ግን የምታያቸው እየሮጠች ነው።

ነገሩ የተጀመረው ታላቅ ወንድሟ ለጥየቃ የመጣ ዕለት ነው። እሱን ማኅተም ይሉታል፤ መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ የኖረ ሰው ነው። ስሕተት አይቶ ዝም ማለት አይችልም። የገዛ አክስቱ ልጅ የሠርግ መጥሪያ ቢልክለት፣ ስሕተቶቹን በቀይ እስክሪብቶ አርሞ መልሶለታል። ሠርጉ ላይም አልተገኘም። የታረመ አዲስ መጥሪያ ካልተላከልኝ እንደተጠራሁ አይቆጠርም ብሎ ራሱ ነው የቀረው ይባላል።

ማኅተም የዚያን ዕለት ብርጭቆ ሊያወጣ የማድ ቤቱን ቁም ሳጥን ሳብ ሲያደርግ መዝጊያው ከነማጠፊያው እጁ ላይ ቀረ። መዝጊያውን የት እንደሚያኖሩት እንደማያውቁት ፋይል ይዞ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ዙሪያውን አየ። ግድግዳው በጭስ ጠቁሯል፤ የመደርደሪያው ቀለም እንደ ደረቀ ጭቃ ተላጧል፤ ከዕቃ ማጠቢያው ገንዳ በታች ያለው መዝጊያ ከወደቀ ዓመት አልፎታል።

«እዚህ ሰው አይኖርም» አለ።

«አባባ እየኖሩ አይደል እንዴ?» አለች ፔዳል።

«እሱን ነው የምልሽ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። አንድ ቀን ይሄ ነገር ራሳቸው ላይ ይወድቃል። እኔ ጋ ክፍል አለ፤ አራተኛ ፎቅ፣ ንጹሕ፣ ብርሃን ያለው። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ሻንጣ ይዤ እመጣለሁ። እንዲህ ሆኖ ካገኘሁት አባባን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ሻንጣውን ባዶውን እመልሳለኋ!» አለና መዝጊያውን ጠረጴዛው ላይ በልኩ አስተካክሎ አስቀመጠው።

አባትየው ይሄ ሁሉ ሲባል የጠረጴዛውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ወደ ፊት ወደ ኋላ ያሹ ነበር። ማኅተም ከሄደ በኋላ ነው አፋቸውን የፈቱት።

«ፔዳልዬ፣ እኔ ከዚህ ቤት ተሸክመው ያውጡኝ። ቆሜ በእግሬ እንዳልወጣ ብቻ አድርጊልኝ።»

በዚያች ቃል ፔዳል እንቅልፍ አጣች። መጀመሪያ የሄደችው አዲስ ማድ ቤት ወደሚሸጥበት ትልቅ ሱቅ ነው። ሻጩ አክብሮ አስቀመጣት፤ ውሃ አቀረበላት፤ ዋጋውን ነገራት። ውሃውን ሳትጨርስ ተነሣች፤ ለእሱም እንዳያስከፍላት ሰጋች። መንገድ ላይ እያሰበች ሄደች። መቀየር ካልተቻለ ያለውን ማደስ ነው። አሮጌ መጋረጃ እንዴት እንደሚታደስ እሷ ታውቃለች። ጨርቁ ደህና ከሆነ ጠርዙን ትቀይሪለታለሽ፣ ፊቱን ታዞሪዋለሽ፣ የሰው ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ አዲስ ነገር ትሰፊለታለሽ። የአባቷ ሥራ ደግሞ ጨርቁ ደህና ነው። ሠላሳ ዓመት የቆመ ጣውላ ነው፤ የከዳው ቀለሙና ማጠፊያው ነው።

በሚቀጥለው ቀን ጀመረች። ከሥራ ትወጣለች፣ ቀሚሷን ጠቅልላ ትታጠቃለች፣ መዝጊያዎቹን እየፈታች በየተራ ጓሮ ታወጣለች፣ በብርጭቆ ወረቀት ትፍቃለች። ጥፍሯ ውስጥ የገባው አቧራ የደንበኞቿ ነጭ ጨርቅ ላይ እየታተመ አሠሪዋን አስጮኸ። ማጠፊያ ከጎረቤት ሱቅ ገዛች፤ ግድግዳውን በሳሙና ውሃ አጥባ ኖራ ቀባችው። ለአንድ ትምህርት ቤት መጋረጃ ሰፍታ ስለነበር የተረፈ የዘይት ቀለም ለምና ሁለት ግማሽ ቆርቆሮ አመጣች፤ አንዱ ክሬም፣ አንዱ አረንጓዴ።

ሁለት ቁራጭ ጣውላ ላይ ቀብታ አባቷ ፊት ያዘች።

«አባባ፣ የትኛው ይሻላል?»

አባትየው ሁለቱንም ተቀበሉ፤ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

«ይሄኛው በደንብ አልተፋቀም» አሉ።

«ቀለሙን ነው እኮ የጠየቅኩዎት!»

«ቀለም የሰነፍ መፋቂያ ነው። ያልተፋቀ እንጨት በምንም አይሸፈን።»

«እሺ፣ ከሁለቱ የቱ?»

«አንቺ የወደድሽው። የሠራው እጅ ይምረጥ።»

አናጢ ግትር ነው ብላ ራሷ አረንጓዴውን መረጠች።

የቀረው እጀታ ነበር። ማድ ቤቱ ውስጥ መዝጊያና መሳቢያው ተደምሮ አሥራ አንድ ነው፤ አሥራ አንዱም እጀታ አንዱ ካንዱ አይገናኝም። የሸክላ ሠሪ ልጅ በገል ይበላል እንደሚባለው፣ አናጢው ለሰው ቤት ያማረ እጀታ ሲገጥሙ ኖረው የራሳቸውን ከትርፍራፊ ነው የሠሩት። የስኳሩ መሳቢያ ላይ ከሚስታቸው ስፌት የቀረ ባዶ የክር መጠቅለያ እንጨት አለ። የጨው መሳቢያ እጀታ የታጠፈ ማንኪያ ነው። የሳህኑ ቁም ሳጥን ላይ ከአንድ ርእሰ መምህር ቢሮ በር የወለቀ የነሐስ ጉልላት ይታያል፤ የዳቦው የአሮጌ ቀበቶ ቆዳ ነው፤ የሽንኩርቱ የተቋጠረ ገመድ ነው፤ የብርጭቆው የአልጋ እግር ጫፍ። ፔዳል ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህ ነገር ስታፍር ነው የኖረችው። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ አንድ ቀን አይታ፣ «ቤታችሁ ያሉት በሮች ዘመዳሞች አይደሉም እንዴ?» ብላታለች። ያቺ ጓደኛ ዛሬ ሁለት ሱቅ አላት፤ ፔዳል ግን ይቅርታ አላደረገችላትም።

አንድ አሮጌ ሆቴል ፈርሶ ዕቃው በሚሸጥበት ግቢ ስታልፍ፣ ባልዲ ሙሉ የሚያብረቀርቅ ብረት አየች። እጀታ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ሁሉም መንታ። ቆጠረችው። አሥራ አንድ! ፔዳል ፈጣሪ አብሯት እየሠራ እንደሆነ አመነች። ፈጣሪ ግን ያን ዕለት ሌላ ሥራ ላይ ነበር።

ማክሰኞ ማታ ገጥማ ጨረሰች። አሮጌዎቹ የነበሩበትን ቀዳዳ በስቱኮ ደፈነች፤ ቀባች፤ አዲሶቹን በሁለት በሁለት ብሎን አሰረች። ውስጡንም አልተወችውም። ጨው፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሩዝ፣ ሁሉንም አንድ ዓይነት ማሰሮ ውስጥ ገለበጠችና በጉልህ ጽሑፍ ስማቸውን ለጠፈችባቸው። ሳህንና ብርጭቆውን አንድ ላይ ሰበሰበች፤ ዳቦውን ከሽንኩርት ለየች። ሳትቀይረው የቀረ ነገር ቢኖር የምድጃው ማዞሪያ ነው። ጠርዙ ላይ በመጋዝ የተቆረጡ ሦስት ጭረቶች ነበሩበት፤ ያረጀ መስሏት ብትፈልግም ልኩ ጠፋ።

«አባባ ይምጡ እስቲ! እንዴት ነው?»

አባትየው በሩ ላይ ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው የመጀመሪያውን መዝጊያ ነኩ፤ ብረቱን ያዙ። ቀጥሎ ያለውን ያዙ። ሦስተኛውን ያዙ። ከዚያ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ለስልሷል» አሉ።

«ያምራል ወይስ አያምርም?»

«አሳምረሽዋል። እጅሽ ይባረክ።» እጃቸውን ወደ ራሳቸው መለሱና፣ «አሮጌዎቹን የት አደረግሻቸው?»

«ምን ያደርጉልዎታል? እንዲጥሉልኝ እዚህ አጥር ማዶ ለእትዬ ስልክ በከረጢት ሰጠኋቸው።»

«እንዲያው ነው» አሉ፤ ግድግዳውን በእጃቸው እየተከተሉ ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ።

ረቡዕ ፔዳል ስትመጣ ማድ ቤቱ ትናንት እንደተወችው ነው። አንድ ብርጭቆ አልቆሸሸም። ሐሙስም እንደዚያው። «ምን በሉ?» ብትላቸው «በልቻለሁ» አሉ። ዓርብ አልጋቸውን ስታነጥፍ ከሥሩ የሙዝ ልጣጭና የዳቦ ፍርፋሪ ያለበት ፌስታል አገኘች። ደሟ ፈላ።

«አባባ፣ ጠልተውት ከሆነ ጠላሁት ይበሉኝ! እኔ ጥፍሬ እስኪነቀል ፍቄ፣ እርስዎ እንደ እስረኛ አልጋ ላይ ዳቦ ይበላሉ?»

«ማን ጠላ? ሆዴን ትንሽ አልተስማማኝም ነው።»

«ሆድ ያልተስማማው ሰው ስድስት ሙዝ ይበላል?»

«አምስት ነው» አሉ አባትየው። ማኅተም ማንን እንደወጣ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ፔዳል በሩን ወርውራ ዘግታ ወጣች። ያን ሌሊት ከጎን ወደ ጎን ስትገላበጥ እግሯ አንሶላውን ሲረግጠው አደረ። ከነገ ወዲያ ማኅተም ይመጣል። ሽማግሌው ማድ ቤቱን ካኮረፉት፣ ወንድሟ ያማረውን ቀለም ሳይሆን የከሳውን ፊታቸውን ነው የሚያየው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ለገንዳው ሥር የሰፋችውን መጋረጃ ክንዷ ላይ አድርጋ መጣች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ገባች፤ ወለሉን ትናንት አጥባዋለች። ማድ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ቆመች።

አባቷ ውስጥ ናቸው። መዝጊያዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ፤ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ። አንዱን ከፈቱ፣ እጃቸውን አስገቡ፣ አንዱን ማሰሮ አወጡ፣ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ፣ መለሱ። ሌላ ከፈቱ። የሚፈልጉት ማሰሮ ላይ ሻይ ቅጠል የሚል ጽሑፍ፣ ከመንገድ ማዶ የሚነበብ፣ ልክ አፍንጫቸው ፊት ነበር። እጃቸው በጎኑ አለፈ።

ከዚያ ዞሩ። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ የፔዳልን ፊት አብርቶታል፤ በመካከላቸው ሁለት እርምጃ አይሞላም። አባቷ ፊታቸውን ወደ እሷ አድርገው ቆሙ፤ አላዩዋትም።

የፔዳል እግር ቆመ። ሃያ ሁለት ዓመት ያላረፈ እግር፣ ጸጥ አለ።

አባትየው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። የሆነ ሰው እንዳለ ትንፋሹ ነግሯቸዋል።

«ማነው?» አሉ። ድምፃቸው ሲፈራ ሰምታ አታውቅም ነበር። «ማነህ?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«አንቺ ነሽ?» እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ታዲያ እግርሽስ? እግርሽን ካልሰማሁ በምን ላውቅሽ?»

ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው፤ እሷም ፊት ለፊታቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። መጋረጃው ከክንዷ ወድቆ ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት ይሆናል። መጀመሪያ ጋዜጣው ደበዘዘ፤ ማተሚያ ቤቱ ቀለም መቆጠብ ጀመረ ብዬ ረገምኳቸው። ሰዎቹ ንጹሕ ናቸው።»

«ሐኪም ዘንድስ?»

«ሄጃለሁ። ዘግይተሃል አለኝ። አሁን ጠርዝ ጠርዙን ብርሃን አያለሁ፤ መስኮት የት እንዳለ አውቃለሁ። ሌላው በእጅ ነው።»

«እንዴት አልነገሩኝም? በየቀኑ እመጣ የለም እንዴ?»

«ትመጫለሽ» አሉ አባትየው። «ግን መቼ ደርሰሽ መቼ እንደሄድሽ፣ እኔ ዓይን እያለኝም አላየሁትም።»

አባትየው ቀጠሉ፤ እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ እንደ ልማዱ ያሻል።

«እዚህ ቤት እያንዳንዱን ጣውላ እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ዓይኔ ሲሄድ እጄ መንገዱን ያውቀው ነበር። ማንኪያውን ስይዝ ጨው ነው፤ የእናትሽን ክር ስይዝ ስኳር ነው፤ ቀበቶው ዳቦ። ያኔ የገጠምኳቸው ድሃ ስለሆንኩ ነበር፤ ለካ ድህነቴ ቀድሞ አስቦልኛል። ወንድምሽ ቢያውቅ አንድ ቀን አያሳድረኝም። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የማላውቀው ግድግዳ መሃል... እዚያ ስሄድ ሰው አልሆንም ልጄ። ዕቃ ነው የምሆነው። ከዚህ አንሥተው እዚያ የሚያስቀምጡት።»

«ምድጃውስ? ቢቃጠሉስ?»

«ማዞሪያው ላይ ሦስት ጭረት አለልሽ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የጠፋ ሲሆን ጭረት የለውም። እሱን ባለመቀየርሽ ነው እስካሁን ያልረገምኩሽ።»

ፔዳል ሳቀች፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነባት፤ አፏን በመጋረጃው ጠረገች። ከዚያ ብድግ አለች።

እትዬ ስልክ አጥሩ ማዶ ናቸው፤ በሥራ ዘመናቸው የስልክ ማዞሪያ ቤት መስመር ሲያገናኙ የኖሩ ሴት። ሠላሳ ዓመት የሰው ወሬ በጆሯቸው አልፏል፤ ያላለፈም አለ።

«እትዬ፣ ያን ከረጢት ጣሉት እንዴ?»

«እኔ ዕቃ ጥዬ አውቃለሁ? ገባ በይ።»

ከረጢቱ ከበሩ ጀርባ ነበር። ዘጠኝ ነው። ሁለቱ ጎድሏል። የክር መጠቅለያው ላይ እትዬ ስልክ ሲባጎ ጠቅልለውበታል፤ የታጠፈው ማንኪያ ደግሞ በድመቷ ሳህን ውስጥ ተጋድሟል።

«እሱን እንኳ ተይልኝ» አሉ እትዬ ስልክ፣ «ለድመቷ መመገቢያ እንዴት እንደተመቸኝ። ደግሞ አዲስ አብረቅራቂ ገጥመሽ የለም? ምን ሊያደርግልሽ ነው?»

«ለ... ለማስታወሻ ነው። የእማማ ስለሆነ።»

«ማንኪያው?»

«ማንኪያውም።»

እትዬ ስልክ ትኩር ብለው አዩዋት። «ስሚ፣ ውሸት በስልክም ሆነ በአካል ድምፁ አንድ ነው። እኔ እንዳልሰማሁ አድርጌ መስመሩን ማገናኘት ለምጃለሁ» አሉና ሲባጎውን ፈትተው፣ ማንኪያውን አጥበው ሰጧት። ድመቷ እስከ አጥሩ ድረስ ተከተለቻት።

ስትመለስ አባቷ ካቻቢቴና የእጅ መሰርሰሪያቸውን ከአልጋ ሥር አውጥተው ጠበቋት። አዲሶቹን እጀታዎች እሷ ፈታች፤ አሮጌዎቹን እሳቸው ገጠሙ። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ እየሳቡ ሄደው አንድ ቦታ ላይ ያቆሙታል።

«እዚህ ጋ ነበር። ስቱኮሽ ጥሩ ነው፤ እንጨት ግን አይረሳም። ያዢልኝ... እሱን ሳይሆን ማንኪያውን።»

አንዱን መዝጊያ ትናንት ደግማ ቀብታው ገና አልደረቀም ነበርና አውራ ጣታቸው ከነመስመሩ ታተመበት። ፔዳል ልታስተካክለው ብሩሽ አነሣች፤ ከዚያ ተወችው። የአዲሶቹን እጀታዎች ቀዳዳ በክብሪት እንጨትና በስቱኮ ደፈነች። ሳህኑንና ብርጭቆውን ወደየቦታቸው፣ ዳቦውን ከሽንኩርቱ ጎን መለሰች፤ ሻዩን ወደ አሮጌው ቆርቆሮ ገለበጠች። አመሻሹ ላይ፣ አረንጓዴ በለበሰው ማድ ቤት ውስጥ፣ አሥራ አንዱ ትርፍራፊ በየቦታው ተመልሶ ተቀመጠ።

«አሁን እግርሽን መልሺው» አሉ አባትየው። «የት እንዳለሽ ልወቅ።»

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማኅተም መጣ። ዘወትር የሚለብሰውን ጥቁር ኮት ትቶ ሚስቱ የሠራችለትን ብርቱካናማ ሹራብ ለብሷል፤ ከሩቅ ሲያዩት መንገድ ሊያስጠርግ የመጣ ይመስላል። በግራ እጁ አንድ ትልቅ ባዶ ሻንጣ ይዟል። በሩ አጠገብ አቆመውና ወደ ማድ ቤቱ ገባ።

መዝጊያዎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ዘጋ። ማጠፊያቸውን ነቀነቀ። ከገንዳው በታች ያለውን መጋረጃ ገልጦ አጎንብሶ አየ። ጣቱን ግድግዳው ላይ አሳልፎ ኖራው ይለቅ እንደሆነ ተመለከተ።

«ይሄን ሁሉ ቀብተሽ» አለ በመጨረሻ፣ «እነዚህን ቆሻሻዎች ምን ብለሽ ተውሻቸው?»

«ብር አለቀብኝ» አለች ፔዳል።

«እነዚህ የተደፈኑ ቀዳዳዎችስ? ሁለት ሁለት ናቸው።»

«ለክቼ ተሳሳትኩ።»

«አሥራ አንድ ጊዜ?»

«እኔ ስሳሳት እስከ መጨረሻው ነው፤ ታውቀኝ የለም ጋሼ።»

ማኅተም የመጨረሻው መዝጊያ ላይ ደርሶ ቆመ። የታተመው አውራ ጣት አጠገብ ፊቱን አስጠጋ። «እዚህ ደግሞ አሻራ አለ» አለ ለራሱ፤ ለጊዜውም ከዚያ አልተነሣም።

«ሻይ ላፍላ» አሉ አባትየው።

ወንድምና እህት ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። አባትየው ማንቆርቆሪያውን ሞሉ፤ ውሃው ሲሞላ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን ዘጉት። ማዞሪያውን አንድ፣ ሁለት ጭረት አዞሩ። እጃቸው የአልጋውን እግር ያዘ፣ ብርጭቆ ወጣ፤ ክሩን ያዘ፣ ስኳር ወጣ። ሽማግሌው ያለ አንዳች መደናገር፣ ሠላሳ ዓመት በሠሩበት ዜማ፣ ከወዲህ ወዲያ ይሉ ነበር። ፔዳል ትንፋሿን ውጣ ታያቸዋለች። ሥራቸውን እንዲህ ቁጭ ብላ ያየችው ዛሬ ገና ነው።

ያን ጊዜ ነው ወንበሩን ያየችው። ማኅተም ቅድም መዝጊያ ሊከፍት ሲል ሦስተኛውን ወንበር ገፋ አድርጎታል፤ አሁን በምድጃውና በጠረጴዛው መካከል፣ ልክ የአባቷ መንገድ ላይ ነው። አባትየው ደግሞ ሦስት ብርጭቆ ትኩስ ሻይ በትሪ ይዘው ዞረዋል።

ብትጮህ አለቀ። ብትስበው ይንጓጓል፣ ማኅተም ያያል። ፔዳል ተነሥታ ሄዳ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና እግሯን ለቀቀችው። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ።

አባትየው አንድ እርምጃ ቀርቷቸው ቆሙ። ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ። ከዚያ በግራ በኩል ዞረው አለፉ፤ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ እግርሽን አሳርፊው!» አለ ማኅተም።

«አልችልም» አለች። ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል።

ሻዩ ተጠጣ። ማኅተም ስለ ሥራው አወራ፤ ስለ ልጆቹ አወራ። በመጨረሻ ተነሣ። «እንግዲህ...» አለና ማድ ቤቱን አየ፣ አባቱን አየ። «እንግዲህ ጠንካራ ነው። ይኖርበታል።»

ፔዳል ዓይኗን ጨፈነች። አባትየው ደስታቸውን መሸከም አቃታቸው፤ ሰው ደግሞ ሲቀናው አንድ ቃል ይጨምራል። በሩ ድረስ ሸኙት፤ እጁን ጨበጡና፣ «ይሄ ጥቁር ኮትህ እንዴት ያምርብሃል የኔ ልጅ» አሉ።

ፔዳል የቆመችበት መሬት የተከፈተ መሰላት።

ማኅተም ጎንበስ ብሎ ብርቱካናማ ሹራቡን አየ። እጅጌውን አየ። ከዚያ የአባቱን ዓይን አየ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰነድ፣ ከላይ እስከ ታች። የሠርግ መጥሪያ አርሞ የመለሰ ሰው ነው። አፉ ሁለት ጊዜ ተከፈተ፣ ሁለት ጊዜ ተዘጋ።

«አመሰግናለሁ አባባ» አለ። «ጥቁር አይቆሽሽም ብዬ ነው።»

ሻንጣውን አነሣ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። «እስክሪብቶዬን ረሳሁ» ብሎ ተመልሶ ገባ። እስክሪብቶው ኪሱ ላይ ተሰክቶ ፔዳል እያየችው ነው። በማድ ቤቱ መስኮት ተከተለችው። ማኅተም ሦስተኛውን ወንበር አንሥቶ፣ እንዳይንጓጓ በሁለት እጁ ይዞ፣ ከምድጃው አርቆ ወደ ግድግዳው አስጠጋው። ወለሉ ላይ የወንበር እግር የሠራቸው አራት አሮጌ ምልክቶች ነበሩ። ጎንበስ ብሎ እያንዳንዱን እግር በየምልክቱ ላይ አስቀመጠ። አንዱ ትንሽ ወጣ ስላለበት እንደገና አስተካከለው።

ሲወጣ የፔዳልን ፊት አላየም። ባዶው ሻንጣ ጉልበቱን እየመታው አለፋት፤ የአጥሩ በር ላይ ሲደርስ ነው የዞረው።

«የሚቀጥለው እሑድም እመጣለሁ» አለ። «የገንዳው መጋረጃ ግን አንድ ጣት አጥሯል።»

«አላጠረም!»

«አጥሯል» አለ ማኅተም፤ ዓይኑን በሹራቡ እጅጌ ጠርጎ ሄደ።

ፔዳል ወደ ቤት ስትገባ አባቷ ብርጭቆ እያጠቡ ነበር።

«ሄደ?»

«ሄደ።»

«ምንም አላወቀም አይደል?»

ፔዳል ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ አላንቀሳቀሰችውም። እግሯ ከታች ጀመረ።

«ምንም» አለች።